የእንግሊዝኛ አምዳችሁ ላይ የቀረው ግማሽ ሕግ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእንግሊዝኛ ትምህርት አምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ በርቱ። ግን ባለፈው ስለ ወደፊት ጊዜ ስታስተምሩ ተውሳከ ግስ (እንደ ፕሮባብሊ ያለ ግሱን የሚገልፅ ቃል) በ«ዊል» እና በዋናው ግስ መሀል ይገባል ብላችሁ እዛው ላይ ማቆማችሁ ተማሪውን ያሳስታል ብዬ ነው የምፅፈው።

በአዎንታ ከሆነ ልክ ናችሁ፣ «አይ ዊል ፕሮባብሊ ካም» (ሳልመጣ አልቀርም) ነው የሚባለው፣ ኦልዌይስም ኔቨርም ሱንም እዛው መሀል ይገባሉ። ጉዱ የሚመጣው አሉታ ላይ ነው። የዊል አሉታ «ዎንት» ስትመጣ ፕሮባብሊ ቀድማ ትቀመጥና «አይ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» ይሆናል፣ የናንተን ሕግ ብቻ የያዘ ልጅ ግን «አይ ዎንት ፕሮባብሊ ካም» ብሎ ይፅፍና ኤክስ ይደረግበታል፣ ለምን እንደተሳሳተም የሚነግረው የለም።

ይሄ ደሞ ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ አይደለም፣ ትርጉም ይገለብጣል እኮ! ስቲልን (አሁንም፣ ገና የምትለዋን) እዩዋት። «ሂ ስቲል ዎንት ቢ ሂር» ካልን ሰውየው ያን ጊዜም ገና አልደረሰም ማለት ነው፣ «ሂ ዎንት ስቲል ቢ ሂር» ካልን ግን እስከዛ ሄዷል፣ አታገኙትም። ቃላቱ አንድ አይነት፣ የተቀያየረው ቦታቸው ብቻ፣ አንዱ ገና እየተጠበቀ ያለ ሰው ሌላው ትቶ የሄደ ሰው። ዴፊኒትሊም (በእርግጠኝነት) እንደዛው ናት፣ ከዎንት በፊት ስትሆን አለመምጣቱ ቁርጥ ነው፣ ከኋላ ከሆነች ግን ሰሚው «መምጣቱ እርግጥ አይደለም» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

በአዎንታም ቢሆን መሀል የማይገባበት አለ፣ ትመጣለህ ወይ ተብሎ በአጭሩ ሲመለስ «አይ ፕሮባብሊ ዊል» ነው፣ ግሱ ስለተተወ ተውሳከ ግሱ ቀድሞ ይቀመጣል። ሌላው የወደፊት ጊዜ መግለጫ «ጎይንግ ቱ» ላይ ደሞ ከ«አም» ወይ ከ«ኢዝ» ቀጥሎ ነው የሚገባው፣ «ሺ ኢዝ ፕሮባብሊ ጎይንግ ቱ ካም»፣ በአሉታ «ሺ ፕሮባብሊ ኢዝንት ጎይንግ ቱ ካም»። ሜይቢ መጀመሪያ ላይ ናት፣ አታስቸግርም። ቱሞሮ መጀመሪያም መጨረሻም ትሆናለች፣ ግን እኛ «እሱ ነገ ይመጣል» ስለምንል «ሂ ቱሞሮ ዊል ካም» የሚል ብዙ ነው፣ እሱንም አንድ መስመር ብትሉበት ጥሩ ነበር።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አዎንታውንና አሉታውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አውጡት፣ ስቲልንም አትርሱ፣ ብዙ ሰው አምዱን ቆርጦ እያስቀመጠ ነው የሚያጠናው።

የዘወትር አንባቢያችሁ