ለሰፈሬ ሰዎች፦ ከዱባው በኋላ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ያንን እሑድ በሰላም ያዋለንን አምላክ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ እናንተን። ስማችሁን እየጠራሁ ላመሰግን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከዘለልሁ እስከ ፋሲካ የሚያኮርፈኝ አይጠፋም። ስለዚህ ሁላችሁንም ሰፈሩ በሚያውቃችሁ ነገር እጠራችኋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን ያጣ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቆጣኝ፤ በሬን ታውቁታላችሁ።

ነገሩን የጀመረው አፌ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የሁላችን ታላቅ በሆኑት እማማ ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ፣ ከቡናው በፊት ዱባ ወጥ ቀረበ። ልጃችን ወልዳ ባለቤቴ ልታርሳት አዲስ አበባ ከሄደች ወር አልፏት ነበርና እኔ በየሆቴሉ ሽሮ ስበላ የከረምሁ ሰው ነኝ። የቤት ምግብ ሲቀርብልኝ እጄን ታጥቤ ዝም ብዬ መብላት ነበረብኝ። አላደረግሁትም። «ዱባ ጥርስ ላላወጣ ሕፃንና ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ የተፈጠረ ነው። ወጥ ብሎ መጥራቱም ወጥን መስደብ ነው» አልሁ። እማማ ምንም አልተናገሩም። ጀበናውን ብቻ ከእኔ ፊት አንሥተው ወዲያ አስቀመጡት። መልሱን የሰጠችኝ የልብስ ሰፊው ባለቤት ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ ድስት ጥደው ያውቃሉ?» «ለመናቅ ድስት መጣድ አያስፈልግም» አልኋት። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው።

ሲኒው ሳይነሣ ተፈረደብኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት በገባ በመጀመሪያው እሑድ እያንዳንዱ ቤት አንድ የዱባ ምግብ ሠርቶ እማማ ግቢ ያመጣል፤ ዱባው በሌላ አትክልት ተሸፍኖ አይደበቅም፤ እኔም እንደ ማንኛውም ቤት ድስቴን ይዤ እቀርባለሁ፤ ሰው መቅጠርም ሆነ ከሆቴል ማስመጣት ክልክል ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ያስገባው የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው። ጠባዬን ስለሚያውቅ አልተቀየምሁትም።

ደንቡ ሲወጣ «የአባቶቻችን አሠራር ብቻ ይሁን፤ ሳምቡሳና የመሳሰለው አይግባ» ያልን ሰዎች ነበርን። ጡረተኛው የታሪክ መምህር ግን እንዲህ አሉን፤ «ዱባም በርበሬም የአሜሪካ ምድር ተክሎች ናቸው። ኮሎምበስ በፈረንጆቹ 1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት እዚህ ማንም ሰው አንዱንም አልቀመሰም። በዚህ ክርክር ከሄድን ሁለቱንም አውጥተን ባዶ ድስት ልንቀምስ ነው።» ሳምቡሳው ገባ። ለመምህሩ ምስጋናዬን የማቀርበው ስለ ታሪኩ ብቻ አይደለም። ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያመጡትን የዱባ ሳምቡሳ ስድስት ከበላሁ በኋላ ነገሩን ዳግም አላነሡብኝም።

የመጀመሪያውን ውለታ የዋለችልኝ ግን የሰፈራችን ሰው አይደለችም፤ ቅዳሜ ገበያ ያገኘኋት ዱባ ሻጭ ናት። ትልቁንና የሚያብለጨልጨውን መርጬ ዋጋ ስጠይቅ «አባባ፣ ይህ ለጋ ነው» ብላ ከእጄ ወሰደችው። ጥፍሬን ቆዳው ላይ እንድተክል አዘዘችኝ፤ ጥፍር የሚያስገባ ዱባ አልደረሰም ማለት ነው። ከዚያ ሌላ አንሥታ በጣቷ አንኳኳችው፤ እንደ ባዶ እንስራ አስተጋባ። መልኩ አመድማ፣ ጉቶው የደረቀ፣ መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ የገረጣ ነው። እኔ ብሆን ከነመኖሩም አላየውም ነበር። «ሳይቆረጥ ወራት ይቀመጥልዎታል፤ ከተቆረጠ ግን ቶሎ ይብሉት» አለችኝ። ለጋውን በውድ ሸጣልኝ ኋላዬን ብትስቅብኝ ማን ይጠይቃት ነበር? እህቴ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ከተገኘ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ።

እሑድ ረፋድ ላይ ዱባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቢላዋዬን ከመሃሉ ተከልሁበት። ገባና ቀረ። ብገፋው አይሄድ፣ ብስበው አይመጣ። ዱባውን ከነቢላዋው በሁለት እጄ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ መታሁት፤ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ፣ ዱባው ተንከባለለ፣ ቢላዋው ተፈናጥሮ ሲወጣ አውራ ጣቴን ገመሰኝ። ደሜን ያየ አልነበረም፤ ጩኸቴን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ነርሷ ጎረቤቴ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ነጠላዋን እንኳ ሳትጥል ገባች። ጣቴን አጥባ፣ ጨምቃ፣ አሰረችልኝ። ከዚያ ዱባውን ወፍራም ጨርቅ ላይ አደላድላ፣ ቢላዋውን ከጉቶው ጥግ አስገብታ፣ ጀርባውን በዘነዘና ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው። እንደ በር ተከፈተ። «ኧረ ደንቡ ሌላ እጅ እንዳይነካው ይላል» ብላት «እኔ ዱባ አልነካሁም፤ በሽተኛ እያከምሁ ነው» አለችኝ።

ነርስ ናትና ምክርም አልቀረልኝም። ያ ብርቱካናማ ቀለም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ቫይታሚን ኤ እንደሚለወጥ፣ ለዓይን እንደሚጠቅም፣ ቅባት ካላገኘ ግን ብዙው ሳይዋሐድ እንደሚያልፍ ነገረችኝና «ስለዚህ በዘይት አይሰስቱ» አለችኝ። በዘይት አይሰስቱ ማለት ለሐኪም ቤት ሰው ይቀላል።

ዱባው ከተከተፈ በኋላ ባለቤቴ ዘንድ ደወልሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ «ድስቱ የት እንዳለ ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም ነበር፤ የእማማን ብረት ድስት ተውሻለሁ። ከዚያ እንዲህ ብላ አስተማረችኝ። ሽንኩርቱ ደቅቆ ያለ ዘይት ይጣዳል፤ እንዳይይዝ ውኃ ጠብ እየተደረገበት እስኪወይብ ይማሰላል። ዘይቱ ከዚያ ነው። ከዘይቱ በኋላ በርበሬ፤ «በርበሬውን አትቸኩልበት፤ ዘይቱ ቀልቶ ከላይ እስኪንሳፈፍ ጠብቀው»። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ዱባው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። «እሱ ራሱ ውኃ ያወጣል። ውኃ ከጨመርህበት ገንፎ ነው የምትበላው።»

ሁሉንም በወረቀት ጻፍሁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር አይከብደኝም። ሽንኩርቱን እያማሰልሁ ሳለ ግን ባለቤቴ የአራሷን ልጅ ፎቶ በስልኬ ላከችልኝ። የልጅ ልጄ ሲያዛጋ ነው። ፎቶውን አንዴ ባየው ምን ነበረበት? አምስቴ ሳላየው አልቀረሁም። ቀና ስል ወጥ ቤቱ ጢስ ለብሷል፤ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ የእማማ ድስት ሥሩ ጠቁሯል። መስኮት ስከፍት መብራት ጠፋ።

ለልብስ ሰፊውና ለባለቤቱ የማቀርበውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው ሳወጣ ሳወርድ ነው የሰነበትሁት። ልብስ ሰፊው ለካውያው ያቀጣጠለውን የከሰል ምድጃ ከነፍሙ ተሸክሞ አመጣልኝ። ባለቤቱ ለራሷ አልጫ የከተፈችውን ሽንኩርት ገምሳ ሰጠችኝ። ተወዳዳሪዬ ናት፤ ያፋለጠችኝም እሷው ናት። «በእኔ ሽንኩርት ብትሸነፊ ምን ትያለሽ?» ብላት ሣቋን ለመዋጥ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

ሁለተኛው ቁሌት አላረረም። ስልኬን መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ፣ ቆሜ ጠበቅሁት። በርበሬው መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ ከዚያ ጥሬ ሽታው ይሄድና ዘይቱ በድስቱ ዳር ዳር ቀይ ክር ሠርቶ ይወጣል። ዱባውን ሳስገባው ደረቅ ነበር፤ ክዳኑን ከድኜ ጥቂት ቆይቼ ስገልጥ ግማሽ ድረስ በራሱ ውኃ ገብቷል። ኮረሪማና ጨው ጨምሬ አወረድሁት። ጥቂቱ ፈርሷል፤ አብዛኛው ግን ቅርጹን እንደያዘ ነው።

እማማ ግቢ ስደርስ ዐሥራ አንድ ድስት ተደርድሯል። የእኔ ዐሥራ ሁለተኛው ሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ዝም ያላችሁትን አንድ ነገር ልጥቀስ። በሰፈራችን ድግስ ሲኖር ሁልጊዜ ሁለት ማዕድ ነው የሚዘረጋው። ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለው ነገር ስላለ የክርስቲያኑ መሶብ እዚህ፣ የሙስሊሙ እዚያ ይሆናል፤ ተከባብረን፣ ተመራርቀን፣ ግን ለየብቻ እንበላለን። ልጆቼ ሲዳሩም፣ ልብስ ሰፊው ለዒድ ሲጠራንም እንዲሁ ነበር። ዱባ ግን አራጅ የለውም። ያን እሑድ ቄሱም የልብስ ሰፊው አባትም ከአንድ ድስት ጨለፉ፤ የማን ድስት እንደሆነ የጠየቀ ካለም ሽምብራውን የት እንደሚጥል ለማወቅ ነው። ዱባን የናቅሁ ሰው ይህን አላሰብሁትም ነበር።

ሽምብራው የድምፅ መስጫችን ነው። ለእያንዳንዱ ቀማሽ አንዳንድ ፍሬ ተሰጥቶ፣ ከወደደው ድስት ፊት ባለው ሲኒ ውስጥ ይጥላል። ቆጣሪ ተደርጌ የተመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሃምሳ ስምንት አገኘሁ። ከድስቶቹ መካከል የልብስ ሰፊው ባለቤት አልጫ በእርድ ወርቅ መስሎ ነበር። ባለሱቁ ያመጣው በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ ዱባ ጨው በዝቶበታል፤ ጨው የሚሸጥ ሰው ነውና አይፈረድበትም። የዱባ ሾርባም ነበረ። ስለ ሾርባው የምለው የለኝም።

ያሸነፈችው የነርሷ ልጅ ናት፤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። ሌሎቻችን ከሥጋው ጋር ስንታገል እሷ ከየቤቱ የተጣለውን ፍሬ ለቅማለች። አጥባ፣ አድርቃ፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርጋ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ በጨርቅ አጠለለችውና ልክ እንደ ሱፍ ነጭ ወተት አወጣችለት። ቃሪያና ጤና አዳም ጨምራ እንጀራ ፈተፈተችበት። ዐሥራ ዘጠኝ ሽምብራ። እማማ ሲቀምሱ «በእኛ ጊዜ ይህን ፍሬ የምናውቀው ለኮሶ ትል መድኃኒት ነው፤ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ብናውቅ ኖሮ ሳንታመምም እንበላው ነበር» አሉ። ከፍሬው ውስጥ የእኔ ዱባ ፍሬ እንደሚገኝበት ለመዝገብ ያህል ይያዝልኝ፤ ቆሻሻ ውስጥ ጥዬው ልጅቷ ነች ያነሣችው።

እኔ አራት ሽምብራ አገኘሁ። አንዷ የራሴ ናት፤ ደንቡ ለራስ መስጠትን አልከለከለም። አንዷን ነርሷ «ለጣትዎ ነው» ብላ ጣለችልኝ። የሌሎቹን ባለቤቶች አላወቅኋቸውም፤ ባሉበት እጃቸው ይባረክ። ባለቤቴ ውጤቱን ስትሰማ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብላኛለች፤ የትኛው እኔ እንደሆንሁ አልጠየቅኋትም።

እማማ የእኔን ወጥ የቀመሱት መጨረሻ ላይ ነው። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሌላ ጉርሻ ጨመሩ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «ጥርስ ለሌለው ጥሩ ነው» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሽምብራቸውን የት እንደጣሉ አላየሁም፤ ጀበናው ግን ተመልሶ በእኔ በኩል ተቀምጧል። እማማ፣ በቤትዎ፣ በማዕድዎ ላይ ለተናገርሁት ይቅርታ ብዬ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ፤ በአደባባይ የበደልሁ ነኝና በአደባባይ እደግመዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጥቂት ጉዳዮች ይቀሩኛል። የከሰል ምድጃውን መልሻለሁ። ሽንኩርቱን በኪሎ ተክቻለሁ፤ የልብስ ሰፊው ባለቤት አልቀበልም ብላ መልሳብኝ፣ እኔም መልሼባት፣ በመጨረሻ ባለሱቁ ዘንድ አደራ ተቀምጧል። ብረት ድስቱን በአመድና በሎሚ እየፈተግሁት ነው፤ ሥሩ ገና አልጠራም፤ ባለቤቴ ለገና ስትመለስ ስለ ድስቱ ማንም እንዳይነግራት እለምናለሁ። አንድ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት የድስት ክዳንም እኔ ቤት ቀርቷል። እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ አንድ ጎኑ የጎበጠ ነው። ባለቤቱ ይምጣ፤ ቡና አለ።