ዴዝዴሞናስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሼክስፒር «ኦቴሎ» በአማርኛ መድረክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። የሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ትርጉም የሚገባውን ክብር አግኝቷል። ኦቴሎን ስለ ተጫወቱት ወንዶችም ብዙ ተብሏል። ሚስቱን ዴዝዴሞናን ስለ ተጫወቱት ሴቶች ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ቅር ቢለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። መስኖ የተማርኩት በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ በታሽከንት ነው። የሩሲያኛ አስተማሪያችን ቴአትር ነፍሳቸው የሆነ የኡዝቤክ ሴት ነበሩ። የኡዝቤኳ ተዋናይት የሳራ ኢሻንቱራዬቫ ስም ከተነሣ ሰዋስዉ ይቀራል፤ ክፍለ ጊዜው በእሷው ወሬ ያልቃል።

ሳራ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በ1924፣ ገና በልጅነቷ፣ ሞስኮ ውስጥ የኡዝቤክ ተዋንያን ማሠልጠኛ ስቱዲዮ ገባች። ከዚያ በፊት በአገሯ የሴት ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እኛም ዘንድ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ እስኪወጡ ድረስ እንዲሁ ነበር። እዚያ ግን ነገሩ ከነውርም ያለፈ ነበር። የከተማ ሴት ከቤት ስትወጣ ፓራንጃ የሚባል ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ካባ ትለብስ ነበር፤ ፊቷን ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጥቁር መሸፈኛ ይጋርደው ነበር። በ1927፣ በማርች 8፣ ኮሚኒስት ፓርቲው «ሁጁም» የተባለውን ሴቶችን ከፓራንጃ የማላቀቅ ዘመቻ ጀመረ። ሴቶች አደባባይ ወጥተው ፓራንጃቸውን አቃጠሉ። ሲመሽ ግን የሚገቡት ያው ቤታቸው ነው። እዚያ ከባልና ከወንድም የሚያስጥላቸው አልነበረም።

ቱርሱኖይ ሳይድአዚሞቫ የሳራ እኩያ ነበረች። ሞስኮም አብረው ተምረዋል። ድምፀ መረዋ ነበረች ይባላል። በ1928 ባሏ ገደላት። ገና 17 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ማርጊላን ከተማ ውስጥ ወጣቷን ዳንሰኛ ኑርኾን ዩልዳሼቫን የገዛ ወንድሟ ገደላት። ጥፋታቸው ፊታቸውን ገልጠው ሰው ፊት መቆማቸው ነው።

ሳራ መድረኩን ልትተው ትችል ነበር። ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ቀጠለች። ያኔ የሐምዛ ቴአትር ቤት ይባል በነበረው የታሽከንት መድረክ በ1935 ማኖን ኡይጉር ባዘጋጀው «ሐምሌት» ኦፊሊያን ተጫወተች። ትርጉሙ የባለቅኔው የቾልፖን ነበር። ሴቶችን ነጻ አወጣለሁ ያለው ያው መንግሥት ቾልፖንን በ1938 ረሸነው። ይህንን አስተማሪያችን ሲነግሩን ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር።

በ1941 «ኦቴሎ» መጣ። አብሮር ሂዶያቶቭ ኦቴሎ፣ ሳራ ዴዝዴሞና። እስቲ አስቡት። ባል ሚስቱን በጥርጣሬ አንቆ ሲገድል የሚያሳይ ተውኔት ነው። አልጋው ላይ የተኛችው ሳራ ናት፤ አብራት የተማረችው ቱርሱኖይ በባሏ እጅ ከሞተች ገና 13 ዓመት መሆኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ የቱርሱኖይን ነገር ያልሰማ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሂዶያቶቭ በኦቴሎነቱ እስከ ዛሬ ይወደሳል፤ ይገባዋልም። የዚያች ሌሊት ሸክም ግን የወደቀው ሳራ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1951 የሶቭየት ኅብረት ሕዝባዊ አርቲስት የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ ተሰጣት። በ1998 አረፈች።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአማርኛው «ኦቴሎ» ዴዝዴሞና ሆነው የሞቱት እነማን ናቸው? ቤተሰቦቻቸው ምን አሏቸው? ከልምምድ አምሽተው ሲመለሱ በር ማን ከፈተላቸው? ያንን ቴአትር በዓይናቸው ያዩ አንባቢዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አብረው የሠሩም አይጠፉም። እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ከነስማቸው አትሙልን።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የታሽከንት ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ