“አቋራጭ ነው” ላሉት ወንድሜ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከናይት ሺፍት ስወጣ ነው። እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ በር ላይ አንድ ቅጂ አነሳለሁ። ባለፈው እትም አንድ አንባቢ የጻፉትን ደብዳቤ ግን ቤት እስክደርስ አልጠበቅኩም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እንጀራው ጭኔን እያሞቀው፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ደብዳቤው አንዲት የአገራችን ልጅ በነርሲንግ ዶክትሬት፣ እዚህ ዲኤንፒ በሚባለው ማለት ነው፣ ተመረቀች ብላችሁ ስላወጣችሁት የደስታ መግለጫ ነበር። ጸሐፊው “ነርስ እንዴት ዶክተር ትባላለች? ሕዝቡን አታደናግሩ” ይላሉ። ዝቅ ብለው ደግሞ “ይህ ሕክምና ሳይማሩ ዶክተር መባያ አቋራጭ ነው” ብለዋል።

ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ግማሹን ልክ ብለዋል። በእኛ ዘንድ ዶክተር ማለት ሐኪም ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ጤና መኮንኑም ዶክተር ይባላል። ነርስ ደግሞ ሲስተር ናት። እናቴ ዛሬም ጎረቤት ባለበት ስልክ ስታነሳ “ሲስተር ናት የደወለችው” ትላለች፤ ስሜን አትጠራም። ስለዚህ ዲኤንፒ ያላት ነርስ ታካሚ ፊት ስትቆም “ዶክተር እገሊት ነኝ፤ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ” (ታካሚ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ማለት ነው) ብላ ሁለቱንም መናገር አለባት ባይ ነኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ነገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልጣላም።

“አቋራጭ” የምትለዋ ቃል ግን ቆረቆረችኝ። እኔ አሁን እዚያ አቋራጭ ላይ ነኝ። ባለፈው መኸር አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ስሜን አታውጡብኝ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው። እስቲ መንገዱን ላሳይዎት።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አገር ቤት በ1995 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመረቅኩ። በዲቪ መጣሁ። እዚህ ሜሪላንድ ስደርስ ዲፕሎማዬን የሚያየው ስላልነበረ በነርስ ረዳትነት አረጋውያን ማጠብ ጀመርኩ። ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ፣ ከዚያ ልጆቹ ሲተኙ በኦንላይን ዲግሪ። አሁን የልብ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። ያመለከትኩት በቤተሰብ ጤና ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ነው። ከዲግሪ ተነስቶ ዲኤንፒ መያዝ በሙሉ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል፤ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድም አለው።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጀመሩትም ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ነርስና ሐኪም አብረው መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ። ዲኤንፒ የሚባለው ከ2001 ወዲህ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጀመረ። በ2004 የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እስከ 2015 ድረስ የዚህ ዓይነት ነርስ ሁሉ ዶክትሬት ይኑራት አለ። አልሆነም። ዛሬም በማስተርስ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል፤ ማንም እንዳያታልላችሁ። ማደንዘዣ የሚሰጡት ነርሶች ጋ ግን ቀልድ የለም፤ ከ2022 ጀምሮ የሚገባ ተማሪ ሁሉ በዶክትሬት ፕሮግራም ነው የሚገባው።

(በነገራችን ላይ ነርስነት ለዝቅተኛ ሰው የሚሰጥ ሥራ ለሚመስላቸው፦ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል የሠለጠነች ነርስ ነበረች።)

ማመልከቻው የሚገባው ነርሲንግካስ በሚባል የጋራ ድረ ገጽ ነው። ሲከፍቱት ቀላል ይመስላል። ከዚያ “የተማሩበትን ኮሌጅ ሁሉ ያስገቡ” ይላል። ሁሉ! ከሃያ ዓመት በፊት የተማርኩበት ኮሌጅ ስሙን ቀይሯል፣ ሰፈሩንም ቀይሯል። አገር ቤት ያለው የሥጋ ወንድሜ ትራንስክሪፕቴን፣ የውጤት ማስረጃዬን ማለት ነው፣ ለማውጣት ሬጅስትራር ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አንዴ ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ስብሰባ ናት፣ አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ “ባለቤቷ ራሷ ትምጣ”። በመጨረሻ ሰጡት። እሱም ደስ ብሎት በራሱ ስም በዲኤችኤል ላከው። የውጭ ትምህርት ማስረጃ የሚገመግመው ድርጅት አልቀበልም አለ። ፖስታው ታሽጎ በቀጥታ ከኮሌጁ መምጣት አለበት። እንደገና ከዜሮ።

ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ቅጹ ላይ በ2003 ተመረቅኩ ብያለሁ፤ ወረቀቱ 1995 ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር እኮ 1995 ላይ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነርስ የሆነች ሴት! የአገራችን ዘመን አቆጣጠር የተለየ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ምክሬ፦ ይህን ደብዳቤ ሳይጠይቋችሁ በፊት አያይዙት።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ይፈልጋሉ። አለቃዬ፣ አብሮኝ የሚሠራ ሐኪም፣ የቀድሞ አስተማሪዬ ጻፉልኝ። አንዲት ጓደኛዬ ከደብሯ አስተዳዳሪ አጽፋ ነበር። አባ የጻፉት በጣም ያማረ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ትሕትናዋና ስለ ጾም ጸሎቷ። ግን አድሚሽኖቹ ለእሱ ነጥብ አይሰጡም።

ይህ ሁሉ ግን ድርሰቱን አያክልም። ራስሽን ግለጪ፣ ለምን ዲኤንፒ፣ ምን ችግር አይተሻል፣ ምን አደረግሽ፣ በሁለት ገጽ። የመጀመሪያውን ረቂቅ “ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር” ብዬ ጀመርኩት። ዲኤንፒዋን የጨረሰች አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባ አለችኝ። ሌሊት በእረፍት ሰዓታችን ሩዟን እየበላች፣ በቀይ እስክሪብቶ አነበበችልኝ። ስትመልስልኝ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል። አንድ ቃል ብቻ ነው እየፈለገች ያከበበችው፦ “እኛ”። እኛ አየን፣ እኛ ወሰንን፣ እኛ አስተካከልን።

“ማነው እኛ?” አለችኝ።

“ክፍሉ… ሁላችንም።”

“የሰዓቱን ነገር ማን አገኘው?”

ዝም አልኩ።

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ነው። የሰውየውን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ። አንድ አባት፣ የእኛው ሰው፣ ወድቀው ገቡ። ከሳምንታት በፊት ለደም ግፊትና ለልብ ታክመው ወጥተዋል። መድኃኒት በትክክል ወስደዋል ወይ ሲባሉ “አዎ” ይላሉ። ክኒኑ ተቆጠረ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ደማቸው ተመረመረ፣ ራሳቸው በማሽን ታየ። ለምን እንደወደቁ የሚያውቅ ጠፋ።

እኔ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ልክ ግድግዳው ላይ 2 ሲል ከክፍላቸው ስልክ ጮኸ። ሮጬ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው በጨለማ የፌስታል ቋጠሮ ይፈታሉ።

“አባባ፣ ምን ሆኑ?”

“ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ ልጄ። መድኃኒቴን።”

መጀመሪያ አልገባኝም። እኔ ራሴ የፈረንጅ ሰዓት ከለመድኩ ስንት ዓመቴ! ከዚያ ግድግዳውን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ትርጉሙም ደህና ነው። “በቀን ሁለት ጊዜ፣ 8 ሰዓትና 8 ሰዓት” ይላል። ለፈረንጁ ጠዋትና ማታ ነው። ለእሳቸው ከምሳ በኋላና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ። ሰውየው አላጠፉም፤ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ልዩነት አንድ ደቂቃ አላዛነፉም። ለዚህ ነው ክኒኑ ሲቆጠር ልክ የመጣው። ሌሊት ሌሊት በአላርም እየተነሱ፣ ክኒኑን ውጠው፣ ጭንቅላታቸው እየዞረ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ነው የወደቁት። “የዚህ አገር መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳል፤ ግን የታዘዘ ነው” አሉኝ። ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም፤ እንዳያስቸግሯት።

በማግሥቱ አንድ ወረቀት ሠራሁ። በአንድ በኩል ፀሐይ ሣልኩ፣ በሌላ በኩል ጨረቃ። ፀሐይዋ ሥር “ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8”፣ ጨረቃዋ ሥር “ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8”። ሥዕሌ ያስቃል፤ ጨረቃዋ ሙዝ ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ በመጣ ቁጥር “መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?” ብዬ መጠየቅና በማስታወሻ ደብተሬ መያዝ ጀመርኩ። እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ወረቀቷን አለቃዬ አይታ በክፍሉ ሁሉ እንድትሠራ አደረገች።

እንግዲህ ይህን ነው “እኛ” ብዬ የጻፍኩት። ሌሊት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርኩት እኔና አባባ ነን። ባልደረባዬ “እኛ ብለሽ ከጻፍሽ፣ አንባቢው አንቺ ቆመሽ ታይ ነበር ብሎ ያልፋል” አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እስቲ ሞክሩት! “እኔ አገኘሁ፣ እኔ ሠራሁ” ብሎ መጻፍ ለእኛ ራስን መካብ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ልጅ “እኔ” ካለ “እኔ ብሎ ነገር!” ነው መልሱ። ያንን ገጽ ለማስተካከል አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ትራንስክሪፕቱ ያደከመኝን ያህል ሳይሆን እጥፍ አደከመኝ።

ወንድሜ በዚያው ደብዳቤ ስለ ፒኤችዲም ጠይቀዋልና፣ የፒኤችዲና የዲኤንፒ ልዩነት እዚሁ ታሪክ ውስጥ አለ። ፒኤችዲ ብማር ስደተኛ ሰዓትን እንዴት እንደሚረዳ አጠናና አዲስ እውቀት አወጣ ነበር። ዲኤንፒ ግን ያቺን ባለ ሙዝ ወረቀት ይዤ፣ በደንብ አስተካክዬ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳውላትና ለውጥ ማምጣቷን በቁጥር እንዳሳይ ነው የሚጠይቀኝ። መመረቂያ ፕሮጀክቴም ይኸው እንዲሆን ነው ያመለከትኩት። በሁለቱም መንገድ ሐኪም አልሆንም፤ አልፈለግኩምም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ እህቶች ስለሚጠይቁኝ። በጁላይ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ዘግቶታል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ነው። “ፕሮፌሽናል” ተብሎ ለተመደበ ትምህርት ግን በዓመት 50,000 ይፈቀዳል። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ ሕክምና አለ፣ ሕግ አለ፣ ሥነ መለኮት እንኳ አለ። ነርሲንግ የለም። እንግዲህ አቋራጭ ላሉት፣ መንገዱ ላይ እንዲህ ያለ ግንብም ቆሟል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ዋጋ እዩ፤ አሠሪያችሁንም ጠይቁ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርታችሁ ቢከፍል ግብር አይቆረጥበትም። እኔ ይህን ሳላውቅ የዲግሪዬን ሁለት ዓመት ከኪሴ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዘጋጁ፣ አንድ ልመና አለኝ። የምረቃ ፎቶ ማውጣታችሁን አትተዉ፤ እናቶቻችን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ግን ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ምን ተማረች፣ ምን ሠራች። “ነርስ ፕራክቲሽነር ናት፣ ፕሮጀክቷ ስለዚህ ነበር” ብትሉ የወንድሜም ጥያቄ ይመለስ ነበር። የማመልከቻ ጊዜ ሲከፈትም እንዲሁ። የባንክ ማስታወቂያ የሚወጣበት ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትበቃለች።

ለምታመለክቱ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ፦ ረቂቃችሁን አነብላችኋለሁ። ስልኬ አዘጋጁ ጋ አለ። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ስለምሠራ ሰኞ ከሰው አልቆጠርም። ማክሰኞ እቤት ነኝ። በወረቀት አትማችሁ አምጡ፣ ቀይ እስክሪብቶ እኔ አለኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ኑ፤ በአበሻ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሲስተር ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ