«ቀዝቅዘሻል» ያልኩሽ ቀን

እህት ዓለሜ፣ እንዴት ነሽልኝ? እናትሽስ ደህና ናቸው?

ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሞላን። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ እጽፍና ሳልልከው አጠፋዋለሁ። የአበባ ሥዕል ልኬልሽ የማልፈው ነገር እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ዛሬ ግን ረጅሙን ጻፍኩልሽ። ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

ያቺን ቀን መቼም አትረሻትም። ከአባትሽ ለቅሶ ከተመለስሽ ሦስት ወር ገደማ ሆኖሽ ነበር። ኳየር ቀርተሻል፣ የዓርብ አዳር ጸሎት ቀርተሻል፣ ስትጸልዪም ድምፅሽ አይሰማም። እኔ ደግሞ የጸሎት ክፍል መሪ ነኝ፤ ረቡዕ ጾም፣ ዓርብ አዳር፣ እሑድ ሁለት ፕሮግራም፣ እሳት ነኝ በቃ። ዶርምሽ ድረስ መጥቼ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «ቀዝቅዘሻል፣ ንስሐ ግቢ» አልኩሽ። ራእይ ላይ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈውን «ለብ ስላልህ» የሚለውን ጥቅስ እንኳ ሳልጠቅስብሽ አላለፍኩም። አንቺ «እሺ» ብቻ አልሽ። ያ «እሺ» እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለሌሎቹም «ወደ ኋላ ተመልሳለች፣ ጸልዩላት» ብዬ ነበር። ይሄን ምናልባት አልሰማሽም፤ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ምን አስታወሰሽ ትዪኝ ይሆናል። አማቴ ናቸው። ስትሮክ መታቸውና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ እኛ ቤት ስምንት ወር ተኙ። እኔ ሌሊት ተነስቼ በልሳን እጸልያለሁ፤ ጠዋት ደግሞ አንሶላው ተበላሸ ብዬ በሽተኛዋ ላይ ፊቴን እከሰክሳለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሳይቆጣ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ «ቸርች ያለችውን ሴትዮ አንዳንዴ እዚህም ብታመጫት» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን አንደኛ ቆሮንቶስን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኛ ካምፓስ እያለን ስለ መንፈስ ስጦታ የሚናገሩትን ምዕራፍ 12ንና 14ን ገጹ እስኪያረጅ አንብበናቸዋል፤ መሐል ያለው የፍቅሩ ምዕራፍ 13 ለሠርግ ነበር የሚወጣው። እና ምን አየሁ መሰለሽ፤ ጳውሎስ ምዕራፍ 1 ላይ ስጦታ አንድም አልጎደለባችሁም ያላቸውን ሰዎች፣ ምዕራፍ 3 ላይ ሲደርስ ሕፃናት ይላቸዋል። ወተት ነው ያጋትኳችሁ፣ አሁንም ጠንካራ ምግብ አትችሉም ይላቸዋል። ለምን ቢባል ቅናትና ክርክር ስላለባቸው። ልሳኑ አለ፣ ትንቢቱ አለ፣ እርስ በርስ ግን «እኔ የጳውሎስ፣ እኔ የአጵሎስ» እየተባባሉ ይነካከሳሉ። እኔ ደግሞ ብስለትን በሙቀት ስለካ ኖርኩ። የጮኸ በስሏል፣ ዝም ያለ ቀዝቅዟል። ዕብራውያን 5 ላይ ያለውም ሌላ ነው፤ ጠንካራ ምግብ የሚችለው ልቡናው በልምምድ የለመደ ሰው ነው ይላል። የእኔ ልምምድ አንሶላ መቀየር ሆኖ መጣ። ጎበዝ ሆንኩ እንዳልልሽ አሁንም ቶሎ ነው የምቆጣው። ድሮ ግን መቆጣቴንም አላውቀውም ነበር።

አዳር ጸሎቱን እየናቅኩ እንዳይመስልሽ። ዓርብ ሲመሽ አሁንም ልቤ እዚያ ይሄዳል።

ስለ አባትሽም አስባለሁ። ሁለተኛ ዓመት ሆነን ለፋሲካ አጋሮ ቤታችሁ ይዘሽኝ ስትሄጂ፣ የቡና ችግኝ ወስደው አሳዩኝ። ከላዩ የሳር ዳስ ተሠርቶለታል። እኔ የከተማ ልጅ «ፀሐይ አያስፈልገውም እንዴ?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ያስፈልገዋል እንጂ። አሁን ካገኘው ግን ያቃጥለዋል፤ ጥላውን ቀስ እያልን ነው የምናነሳለት» አሉኝ። ከተተከለ በኋላም ሦስት አራት ዓመት ሳይጠበቅ ደህና ፍሬ እንደማይለቀም ነገሩኝ። እኔ ቶሎ ወደ ምሳው መሄድ ነበር ያማረኝ። እኚህ ሰው ሞተው፣ ልጃቸው ለቅሶ ላይ ሆና፣ ዳስ መሆን ሲገባኝ ፀሐይ ሆኜ መጣሁባት።

ማርቆስን ደግሞ አስቢው። ጵንፍልያ ላይ አገልግሎቱን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰውን። ጳውሎስ ሁለተኛ አብሮን አይሄድም ብሎ በዚህ የተነሳ ከበርናባስ ጋር እንኳ ተለያየ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሐዋርያት ሥራ የሚተርከው የጳውሎስን መንገድ ስለሆነ እነሱን አናያቸውም። መጨረሻ ላይ ግን ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ቀጥሎ ጢሮአዳ የተወውን በርኖሱንና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ሰባኪዎቻችን ማርቆስ በሰለ ይላሉ፤ እውነት ነው። እኔ ግን የበሰለው ጳውሎስም ነው ባይ ነኝ። «አይጠቅምም» ያለውን ሰው «ይጠቅመኛል» ብሎ በገዛ እጁ መጻፍ ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ቀላል አይመስለኝም። ለእኔም አልቀለለኝም፤ ይሄን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

በነገራችን ላይ አንድ ሰው አጋሮ ሄዶ አይቶሽ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት እንደምታስተምሪ፣ ከእናትሽም አጠገብ እንዳልጠፋሽ ነገረኝ። «ድምጿ አይሰማም፣ ልጆቹ ግን እሷ ካልመጣች አይቀመጡም» አለኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጌታ ሆይ መልሳት» እያልኩ ስጸልይልሽ፣ አንቺ የትም አልሄድሽም ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ቶሎ መልሺልኝ አልልም፤ ካስፈለገሽ ዝምም በዪ።

አንድ ነገር ብቻ። ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የመዝሙር ደብተርሽ እኔ ጋ ነው። ዶርም ለቀሽ ስትወጪ እኔ ነኝ ያነሳሁት። አባትሽ በእርሳስ የጻፉልሽ ገጽ አልጠፋም። በሰው ልላክልሽ ወይስ ይዤው ልምጣ? ስልኬ ያው የድሮው ነው።