ከ16 ዓመት በኋላ፦ ባሕር ዳር ሆይ፣ አመሰግናለሁ

እሁድ ሽኝቱ ላይ የነበራችሁ አይታችኋል። ማይኩን ጨብጬ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ያን ቀን ከአፌ ያልወጣውን ዛሬ ልጻፈው።

ድርጅታችን ለሚመግባቸው አረጋውያን ምሳ ደጅ ስጠና 16 ዓመት ሆነኝ። የሥራ መደቤ የሀብት ማሰባሰብና ማርኬቲንግ ኃላፊ ይባላል። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩት ብሮሸር ታቅፌ ነው። ቡና አፈሉልኝ። እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ “ልጄ፣ የአምናው ብር ምን ሆነ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ተነሥተው የዕድሩን ደብተር አመጡ። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ለየትኛው ለቅሶ ስንት እንደወጣ፣ ድንኳኑ ማን ቤት እንዳደረ ሳይቀር ተጽፏል። “ሰው አንዴ አዝኖ ይሰጣል። የሚደግመው ብሩ የት እንደደረሰ ሲነገረው ነው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሳላወራርድ አዲስ ብር ጠይቄ አላውቅም። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ እኛ የወር ወጪያችንን በራችን ላይ መለጠፍ ከጀመርን ቆይተን ነበር። የእሳቸው ሥራ ነው።

ኢንተርኔት የጠፋባቸውን ወራት አልተርክም፤ አብረን አሳልፈናቸዋል። የፌስቡክ ዘመቻችን ባንድ ቀን ቀጥ አለ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤት ለቤት ወጡ። ጉልበታቸውን እያመማቸው! የልጅ ልጃቸው ስልክ ይዞ ይከተላቸዋል። ጥሬ ብር ለሌለው “ኮከብ 127 መሰላል” እያለ በቴሌብር የሚያስልከው እሱ ነበር። ምሳው አንድም ቀን አልተቋረጠም። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሌላ ቃል የለኝም።

የዓሣ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከዘጌ በጀልባ ቡና የምትልኩልን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም እጅ ነሥቻለሁ። ባልደረቦቼም እንዲሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ ነበር። በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ሲያለቅሱ የተነሡትን ፎቶ ፖስተር ላይ አውጥቼ ነበር። ጥሩ ብርም አምጥቷል። እማማ ፖስተሩን ትክ ብለው አዩና “አባትሽ ቢሆኑ ትለጥፊው ነበር?” አሉኝ። በማግስቱ ከየግድግዳው አወረድነው። ከዚያ በኋላ አረጋውያኑን ሳናስፈቅድ ፎቶ አንስተን አናውቅም። እኚያ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ይቅርታ ጠይቄያቸው፣ መርቀውኝ ነው የሄዱት። ለዚህም እማማን አመሰግናለሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። አደራ፣ እንዳትቀየሙኝ። ሳይታወቅላችሁ የሰጣችሁትን ደግሞ ስማችሁን ብፈልግም አላገኘሁትም።

ሰኞ ጠዋት የቢሮውን ቁልፍና የወጪ መዝገቡን ለተተኪዬ አስረክባለሁ። ከሰዓት እማማ ቤት ቡና አለ። ተተኪዬንም ይዣት እሄዳለሁ።