ኡልሪሽ ሙሄን የአንድ ፊልም ሰው አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ጀርመናዊው ተዋናይ ኡልሪሽ ሙሄ የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ስለ ምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ከሚያወራው «የሌሎች ሕይወት» ከሚለው ፊልም ይጀምሩና እዚያው ላይ ያበቃሉ። ፊልሙ ኦስካር አገኘ፣ እሱ ሞተ፣ በቃ። ሰውየው እኮ ፊልሙ በ2006 ሲወጣ ከ25 ዓመት በላይ በትወና ኖሯል! (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቆጥሬያለሁ።)

በ1953 ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ግሪማ በምትባል ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የግንባታ ሙያ ተማረ። ከዚያ ለውትድርና ተጠራና የበርሊን ግንብ ጠባቂ አደረጉት። ገና ወጣት ነው፣ መሣሪያ ይዞ የገዛ ወገኑ እንዳያመልጥ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ጨጓራው ቆሰለ። ሲለቁት ላይፕዚሽ ገብቶ ትወና ተማረ። ኋላም ሃይነር ሙለር የተባለው ደራሲና አዘጋጅ ወደ ምሥራቅ በርሊን መድረክ አመጣው።

እኔን በጣም የሚነካኝ 1989 ነው። ምሥራቅ በርሊን ባለው ዶይቸስ ቴአትር ውስጥ ሙለር የሼክስፒርን ሃምሌት ያዘጋጃል፣ ሃምሌት ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ሙሄ ነው። እነሱ ውስጥ ሲለማመዱ ውጭ ሕዝቡ ሰልፍ ይወጣል። ኖቬምበር 4 ቀን የቴአትር ሰዎች የጠሩት ሰልፍ አሌክሳንደርፕላትዝ የተባለውን የከተማውን አደባባይ ሞላው፤ ሙሄም ወጥቶ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ገዢው ፓርቲ ብቻውን የመምራት ሥልጣኑ ይቅር ብሎ ተናገረ። በአምስተኛው ቀን ግንቡ ተከፈተ። ሃምሌት በ1990 ለሕዝብ ሲቀርብ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፣ ልምምዱ የተጀመረባት አገር ግን በዚያው ዓመት ከካርታ ጠፋች።

እንግዲህ በፊልሙ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ጣሪያ ስር ተቀምጦ የሰው ቤት የሚያዳምጠውን ሰላይ የተጫወተው ይህ ሰው ነው። ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ ግን ፒያኖው ሲመታ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። መጨረሻ ላይ መጽሐፍ ሊገዛ ይገባል። ሻጩ ስጦታ ከሆነ ልጠቅልልዎት ወይ ይለዋል። «አይ፣ ለኔ ነው» ይላል። በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ግንቡም፣ መድረኩም፣ አሌክሳንደርፕላትዝም አለ ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የደርግን ደኅንነቶች ካሠለጠኑት አንዱ ያው የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ነበር። ወላጆቻችን ቤታቸው ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወሩ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ፊልሙን ሲያይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሙሄ ኦስካሩ ከተሰጠ አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 2007፣ በጨጓራ ካንሰር አረፈ። ገና 54 ዓመቱ ነበር። እባካችሁ ስለ እሱ ስትጽፉ ከሃምሌት ጀምሩልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ