ለደንበኞቻችን፦ ለፎንቴንብሎ ቋጥኞች ለምን ሁለት ሌሊት እንደምንጠይቅ

ጉዳዩ፦ በፓሪስ በኩል ስታልፉ ስለሚደረግ አጭር የቦልደሪንግ ቆይታ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በፓሪስ በኩል ወደ ሌላ አገር የምትሻገሩና ቦልደሪንግ (ያለ ገመድ ዝቅ ያሉ ቋጥኞችን መውጣት) የምትወዱ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ታቀርቡልናላችሁ። በሁለት በረራዎች መካከል ባለው ቀን በፓሪስ አቅራቢያ ያለው የፎንቴንብሎ ደን ደርሶ፣ ጥቂት ቋጥኝ ወጥቶ መመለስ ይቻላል ወይ? እኛ ከሁለት ሌሊት ያነሰ ቆይታ አንመዘግብም። ይህን የምናደርግበትን ምክንያት እናስረዳችሁ፤ ሁለት ሌሊት ለምታድሩትም ያቺ አንድ ሙሉ ቀን እንዳትባክንባችሁ የምናውቀውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። በሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርት አስመትቶ ሻንጣ ይዞ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። በአር.ኢ.አር. ቢ ባቡር ከተማ ገብቶ፣ ሻትሌ ጣቢያ ላይ ቀይሮ «ጋር ደ ሊዮን» የተባለው ጣቢያ ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ የአር መስመር ባቡር ፎንቴንብሎ-አቮን ጣቢያ ድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለመጠበቅ ደግሞ እስከ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከጣቢያው እስከ ቋጥኙ በመኪና ሌላ ግማሽ ሰዓት። ስንደምረው ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ለመመለስ፣ በረራው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ማረፊያው ለመገኘት፣ ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። የ12 ሰዓት ቆይታ ያለው ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ግማሹም ሰውነት በማሟሟቅ ያልቃል። አንድ ባቡር ከዘገየ እሱም የለም። ሌሊቱን ሲበር ያደረ ሰው እግሩ ያልጸና መሆኑንም አትርሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ዝናብ ነው፤ ለእኛ ከሰዓቱም ይበልጥ ይከብዳል። የፎንቴንብሎ ቋጥኝ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የገረዓልታን አምባዎች በቅርብ ያየ ሰው የዚህን ድንጋይ ጠባይ አያጣውም። ላዩ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ ከቅርፊቱ በታች ግን በጣት የሚፈረፈር አሸዋ ሊኖር ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ የእጅ መያዣው ይገነጠላል። የተገነጠለ መያዣ ደግሞ አይመለስም፤ ሰዎች ለሰባና ለሰማንያ ዓመት የወጡበት መንገድ በአንድ ጠዋት ይጠፋል። ስለዚህ ርጥብ ድንጋይ ላይ መውጣት በጥብቅ የተጠላ ነገር ነው። ድንጋዩ ከወትሮው ጠቆር ብሎ ከታየ ወይም መዳፋችሁን ስታሳርፉበት እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ነፋስና ፀሐይ የሚያገኘው ቋጥኝ ከዝናብ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ሊደርቅ ይችላል፤ ዛፍ ያጠላበት ግን በአውሮፓ ክረምት አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ጠዋት ቢዘንብበት ከሰዓት በኋላውን ይጠብቃል። በዕለቱ የሚመለስ ግን መጠበቂያ ስለሌለው ወይ ድንጋዩን ይጎዳል ወይ ሳይነካው ይሄዳል።

ጊዜ መምረጥ ለምትችሉ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም መስከረምና ጥቅምት ይመቻሉ። በበጋቸው ሙቀት ጣት ያልባል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። የክረምቱ ደረቅ ብርድ ለመያዝ ከሁሉም የተሻለ ቢሆንም ቀኑ አጭር ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በሰኔ ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን አለ። የባቡር ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 18:00 የሚለው የእኛ 12 ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ።

ቪዛን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትጓዙ፦ ዓይነት ኤ የሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ከማረፊያው አያስወጣም። ወደ ደኑ ለመሄድ የአጭር ጊዜ የሼንገን ቪዛ፣ ዓይነት ሲ፣ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመግቢያው ቁጥር ነው። ፓሪስ አድራችሁ ለንደን ብትሄዱና በፓሪስ በኩል ብትመለሱ፣ በመመለሻችሁም ከማረፊያው የምትወጡ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ መግባት ነውና ባለ አንድ መግቢያ ቪዛ አይበቃም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ቢሆንም ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

ለቪዛው የምትገዙት የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍናል። ግን ብዙ ውሎች ድንጋይ መውጣትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋሉ። «ያለ ገመድ፣ ከቤት ውጭ፣ ቋጥኝ መውጣት ይሸፈናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቦልደሪንግ እያንዳንዱ መውደቅ መሬት ላይ ነው፤ ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ቶሎ ይጎዳሉ።

ማደሪያችሁ ፓሪስ ሳይሆን ፎንቴንብሎ ወይም አቮን ይሁን። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስቶ ደኑ አጠገብ መገኘት አንድ ተጨማሪ ግማሽ ቀን እንደማግኘት ነው። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ዓለም አቀፉን ፈቃድ ያዙ። በደኑ የመኪና ማቆሚያዎች መስታወት ተሰብሮ ዕቃ ይሰረቃልና ፓስፖርትና ሻንጣ መኪና ውስጥ አትተዉ።

መኪና ላለው ከባርቢዞን መንደር አጠገብ ያለው ባ ኪቪዬ ቅርብ ነው፤ ከማቆሚያው ጥቂት ደቂቃ በእግር። ላ ማሪ ሮዝ የተባለው ቋጥኝ እዚያ ነው፤ ሬኔ ፌርሌ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና የ6ኤ የአስቸጋሪነት ደረጃ የተሰጠው። ዛሬ የእግር መርገጫዎቹ ከሚረግጣቸው ሰው ብዛት የተነሳ እንደ ጠጠር ተለስልሰዋልና ከቁጥሩ በላይ ያስቸግራል። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ግን ትሯ ፒኞንን እንመርጣለን፤ ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት ገላጣ ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ መውደቂያውም ለስላሳ ነው። መኪና የሌለው ከፎንቴንብሎ-አቮን አስቀድሞ ባለው ብዋ-ለ-ሯ ጣቢያ ወርዶ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሮሼ ካኖን ይደርሳል። ጥላ ያለበት ስለሆነ ለሞቃት ቀን ጥሩ ነው፤ ከዝናብ ማግስት ግን አይሆንም።

በቋጥኞቹ ላይ በቀለም የተጻፉ ቁጥሮችና ቀስቶች ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የዳበረ አሠራር ነው፦ አንድ ቀለም ከቁጥር 1 ጀምራችሁ በተራ የምትከተሉት ዙር ነው። ቢጫ ቀላል፣ ብርቱካናማ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ከበድ ያለ፣ ቀይ ከባድ፣ ጥቁር እጅግ ከባድ ነው። ነጭ የልጆች ነው፤ ሆኖም በአንዳንድ ቦታ ከጥቁሩም የሚብሰው ዙር በነጭ ተጽፏልና ልጅ ከማስጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቋጥኞች ራሳችሁ እዩ። ለአንድ ቀን ቆይታ ብርቱካናማውን እንመክራለን፣ ቤት ውስጥ ባለ የመለማመጃ ግድግዳ ላይ ጠንካራ ለሆናችሁም ጭምር። እዚህ የቋጥኙ አናት ክብ ነው፤ በጣት ጨብጦ መሳብ ሳይሆን መዳፍን አሳርፎ፣ ክብደትን በእግር ላይ ጥሎ መነሳት ይጠይቃል። የለመዳችሁትን ደረጃ ሁለት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቋጥኙን ዞራችሁ መውረጃውን ፈልጉ፤ ብዙ ሰው ከላይ ሆኖ ነው መውረጃ እንደሌለ የሚያውቀው።

የመውደቂያ ፍራሹን ከአገር ቤት አትያዙ። የተለመደው ሲታጠፍ 100 በ65 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 185 ይመጣል፣ ለተራ ሻንጣ የሚፈቀደው ደግሞ 158 ነው። እዚያው አካባቢ ይከራያል፤ ለቅዳሜና እሑድ አስቀድሞ ማስያዝ ይሻላል። ለሁለት ሰው ሁለት ፍራሽ ተከራዩ። ስትዘረጉ በመካከላቸው ክፍተት አትተዉ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከታች የቆመው ሰው የሚወድቀውን አይቅለብ፤ ጭንቅላቱና ጀርባው ድንጋይ እንዳይነካ ወደ ፍራሹ መሃል ይግፋው።

ጫማችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ሻንጣ ቢጠፋ ፍራሽ ይከራያል፣ እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን አይገኝም። እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን የማግኒዝየም ዱቄት በመጠቅለያው እንዳለ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱ። ፈሳሽ የሆነውን ዓይነት በእጅ ከያዛችሁ ጠርሙሱ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ቁራጭ ምንጣፍና ጨርቅ አትርሱ፦ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የጫማችሁን ሶል ጥረጉ። ከሶሉ ሥር የቀረ አሸዋ ድንጋዩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ወጥታችሁ ስትጨርሱ በድንጋዩ ላይ የቀረውን ዱቄት ለስላሳ ብሩሽ ተጠቅማችሁ አጽዱ፤ የሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አይነካ። የዛፍ ሙጫ ዱቄት የሚጠቀም ሰው ብታዩ አትከተሉት፤ ድንጋዩን አሙልጮ የጨረሰው ይህ ሙጫ ነው።

በደኑ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ማታ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ፣ በተለይ ከጉልበት ጀርባ። ለአደጋ 112 ደውሉ፤ የቋጥኙን አካባቢና የማቆሚያውን ስም አስቀድማችሁ በስልካችሁ ጻፉት።

ቦታ ለመያዝ የሚከተለውን ላኩልን፦ የሁለቱንም በረራ ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ፓስፖርት እንደምትጓዙ፣ መኪና መንዳት የሚችል ሰው መኖሩን፣ የሰውና የልጆች ብዛት፣ የሚያስፈልጋችሁን ፍራሽ ቁጥር። ከመድረሳችሁ ሁለት ቀን በፊት የአየር ትንበያውን አይተን የትኛው ቋጥኝ እንደሚሻል እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ዝግጅት ክፍል